ተጎታቼን 8 ወር ላቆማት ነው፤ ባትሪዎቹን ምን ላድርጋቸው?

የጓሳ መንገደኛ

ሰላም ለዚህ ቤት። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። እንግዳ ይዤ ከጣርማበር በመሐል ሜዳ መንገድ ጓሳ እወጣለሁ፤ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት። ማደሪያችን ብየዳ ቤት ያሠራኋት ተጎታች ናት። ሁለት አልጋ፣ የጋዝ ምድጃና 60 ሊትር የውሃ ታንከር አላት። ጣሪያዋ ላይ ሶላር፣ አልጋው ሥር ባለ 100 አምፔር ሁለት የአሲድ ባትሪ።

አሁን እናቴን ለማሳከም አዲስ አበባ ልገባ ነው። ከሰኔ እስከ ጥር አልመለስም። ተጎታቿ አክስቴ ግቢ ትቆማለች።

አምና ክረምቱን ሸራ አልብሻት ሄድኩ። ሁሉንም ያጠፋሁ መስሎኝ ነበር። መስከረም ላይ ስከፍታት ሽታው ገፍትሮ መለሰኝ። አይጥ ፍራሹን ቀዳ ወልዳበታለች። የተቦጫጨቀው ስፖንጅ መሀል አምስት ቀያይ ግልገሎች፣ ዓይናቸው እንኳ ያልተገለጠ። ባትሪዎቹን በቴስተር ስለካቸው አንዱ 9 ቮልት፣ አንዱ 7። ሦስት ቀን ቻርጅ ላይ ዋሉ፤ አልተነሡም። ለካ ኢንቨርተሩን፣ የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረውን፣ ሳላጠፋ ኖሯል።

ዘንድሮ መድገም አልፈልግም፤ አቅሙም የለኝም። ሶላሩ እንደተሰካ ይቆይ ወይስ ይነቀል? ባትሪ ሲሚንቶ ላይ ከተቀመጠ ይሞታል ይላሉ፤ እውነት ነው? የኅዳር ውርጭስ?

ባለ ቴስተሩ፣ ደብረ ሲና

ወንድሜ፣ እግዜር እናትህን ይማርልህ።

ኢንቨርተር ምንም ሳይሰካበት ግማሽ አምፔር ሊበላ ይችላል። በቀን 12 ማለት ነው። ያንተ ሁለቱ ባትሪ ተደምሮ 200 ነው። 17 ቀን አይሞላም። ከዚያ በኋላ ባዶውን በቆየ ቁጥር ውስጡ ያለው የእርሳስ ፕሌት ላይ ሰልፌት የሚባል ጨው ይጋገራል፤ የገደለህ እሱ ነው።

ስለዚህ ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፤ ባትሪውን አውጣው። መጀመሪያ የሶላሩን ገመድ ከኮንትሮለሩ፣ ቻርጁን ከሚቆጣጠረው ሳጥን፣ ንቀል፣ ቀጥሎ የባትሪውን ኔጌቲቭ፣ መጨረሻ ፖዘቲቩን። ሁለቱን ያያያዛቸውን ገመድም ፍታ፤ አንዱ ከደከመ ሌላውን ይስባል። ሙሉ ቻርጅ አድርገህ፣ ከቻርጅ በኋላ የባትሪ ውሃ ሙላ። አሲድ አትጨምር፣ አደራ። ቴርሚናሉ ላይ ያበበውን ነጭ ነገር በቤኪንግ ሶዳ ውሃ እጠበው፣ ግሪስ ቀባው።

ንጋት ላይ ለካው። 12.7 አካባቢ ካለ ሙሉ ነው። ወደ 12.4 ሳይወርድ መልሰህ ቻርጅ አድርገው። በወር አንዴ ይበቃል።

ውርጩን አትፍራ። ሙሉ ባትሪ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ እንኳ አይረጋም። የባዶው አሲድ ግን ወደ ውሃነት ስለሚጠጋ ከዜሮ ትንሽ ወረድ ሲል ይረጋል፣ ቀፎውንም ይሰነጥቃል። ሲሚንቶው የድሮ ወሬ ነው፤ የዛሬው የፕላስቲክ ቀፎ ምንም አይለውም።

ሸዋ ሮቢት ሹፌር

ልጄ፣ እኛ ቆላ ነን፤ ባትሪ የሚፈጅብን ሙቀቱ ነው። ያንተ አገር ብርድ ለቆመ ባትሪ ይስማማዋል። ብቻ ሰው የሚተኛበት ክፍል አታስገባው። ቻርጅ ሲሆን የሚወጣው ጋዝ በክብሪት ይፈነዳል።

ስለ ጎማው አልጠየቅክም። 8 ወር በአንድ ጎኑ ቆሞ ይጣመማል። በክሪክ አንሣና አክስሉን እንጨት ላይ አሳርፈው። ታንከሩን አፍስስ፣ ቧንቧውን ከፍተህ ተው። ፕላስቲክ አታልብሳት፤ ውስጥ ውስጡን አልቧት ትሻግታለች። ፍራሹን አውጣው። የገመድና የቧንቧ ቀዳዳውን ሁሉ በብረት ሱፍ ድፈን፤ አይጥ እሱን አታኝክም።

የጓሳ መንገደኛ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼም አንተም። ዛሬ ጠዋት ሁለቱንም አወጣሁ። 12.7 እና 12.6። አክስቴ ጓዳ፣ መስኮቱ አጠገብ አስቀመጥኳቸው። ከአልጋው ሥር ጣቴን የሚያሳልፍ ቀዳዳ አገኘሁ፤ አምና የገባችው በዚያ ሳይሆን አይቀርም። ደፈንኩት።

የአክስቴን ልጅ ቴስተር አያያዝ አሳየሁት። መለኪያው ቀን በየወሩ በ22 ነው፣ የማርያም ማግስት። አክስቴ ማርያምን አትረሳም። ልጁ ለክቶ ቁጥሩን ይደውልልኛል።

አንድ የቀረኝ፦ ሶላሩን ሸፍኜ ልተወው ወይስ ከጣሪያ ላውርደው? ሐምሌ ላይ በረዶ ይጥላል እኮ።

ባለ ቴስተሩ፣ ደብረ ሲና

ማውረድ አያስፈልግም። መስታወቱ መደበኛውን በረዶ ይችላል። ገመዱን ጫፍ በፕላስተር ጠቅልለው እንጂ፤ ፀሐይ ሲወጣ ኤሌክትሪክ አለበት።