«ሜዳው ሲተርፍ» ማለት መቼ ነው?

የሳቢያኗ፦ ትናንት የሰፈር ስብሰባ ላይ ሴት ልጆቻችንም ኳስ የሚለማመዱበት ሰዓት ይሰጣቸው ብለን ጠየቅን። የወንዶቹ አሰልጣኝ ተነስቶ «ሜዳው ሲተርፍ ይጫወታሉ» አለ። ሌሊቱን ስበሳጭ አደርኩ። የድሬን ሙቀት ለእናንተ አልነግርም። ጠዋትም ከ10 ሰዓት በኋላም ሜዳው የወንዶች ነው። የሚተርፈው እኮ ቀትሩ ነው! በቀትር ማን ልጁን ይልካል?

የለገሀሬ ልጅ፦ አቦ እህቴ፣ ሰውየው በክፋት አላለውም። ወንዶቹ ውድድር አለባቸው፣ ሜዳው ደግሞ አንድ ነው። ባለፈው ክረምት ሴቶቹ ተመዝግበው በሁለተኛው ሳምንት ግማሾቹ አልመጡም።

የሳቢያኗ፦ ለምን እንዳልመጡ ጠይቀሃል? 10 ሰዓት ላይ ወንድሟ ታኬታውን ይዞ ይወጣል። እሷ ውሃ ትቀዳለች፣ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ሕፃን ታዝላለች። ማንም አትሂጂ አላላትም። ሥራው ነው የያዛት።

የከዚራው፦ ደራርቱ ቱሉ ሜዳ ስጡኝ ብላ ነው እንዴ ባርሴሎና ላይ ያሸነፈችው? ጎበዝ ልጅ በራሷ ትወጣለች።

መምህርት ከመጋላ፦ ወንድሜ፣ ደራርቱን ካነሳህ ታሪኩን በሙሉ አንሳው። ወንዶች ኦሎምፒክ ላይ 10 ሺህ ሜትር መሮጥ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1912 ነው። ለሴቶች የተፈቀደው በ1988 ሴኡል ላይ ነው። ደራርቱ በ1992 ወርቁን ስትወስድ ርቀቱ ኦሎምፒክ ላይ ለሴቶች ሲካሄድ ገና ሁለተኛ ጊዜው ነበር። ከሷ በፊት የነበሩት ጎበዞች ምኑን ይሩጡት? እነሱም «ሲተርፍ» ተብለው ነው የቀሩት።

የከዚራው፦ እሱን አላውቅም ነበር። ግን እኛ የምናወራው ስለ ሰፈር ሜዳ ነው። ሩጫ ከሆነ አስፋልት ይበቃል።

የሳቢያኗ፦ ንጋት 11 ሰዓት ላይ እህትህን ብቻዋን አስፋልት ላይ ትልካታለህ?

የከዚራው፦ አልልካትም። እሱ የጸጥታ ጉዳይ ነው።

የሳቢያኗ፦ ወንድምህንስ?

እናት ከገንደ ቆሬ፦ እኔ ልጄን ያስቀረኋት ሂጃብሽን ካላወለቅሽ አትጫወቺም ስላሏት ነው። ወላሂ ስታለቅስ ነው ቤት የገባችው።

መምህርት ከመጋላ፦ እማማ፣ እሱ ስህተት ነው። ፊፋ ራሱ የራስ መሸፈኛ ከፈቀደ ቆየ፣ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ።

የለገሀሬ ልጅ፦ ሃይማኖት ውስጥ ባንገባ ጥሩ ነው።

እናት ከገንደ ቆሬ፦ ልጄ፣ ሃይማኖት ውስጥ የገባኸው አንተ ነህ። እኔ ያልኩት ልጄ መጫወት ትፈልጋለች ነው።

የለገሀሬ ልጅ፦ እሺ፣ ይቅርታ እማማ። ቅዳሜ ከሰዓት ቢሰጣቸውስ?

የሳቢያኗ፦ ቅዳሜ የልብስ አጠባ ቀን ነው፣ አንዷም አትለቀቅም። ማክሰኞና ሐሙስ 10 ሰዓት ይሁን።

የለገሀሬ ልጅ፦ እሱ እኮ የእኛ ልምምድ ቀን ነው።