በፖሊስ ጌሞች ውስጥ የትራፊክ አደጋ አያያዝ ለእውነታው ይቀርባል?

ተከራካሪ ሀ፦ እ.ኤ.አ. በ2022 ሙሉ ሆኖ የወጣው «ፖሊስ ሲሙሌተር፦ ፓትሮል ኦፊሰርስ» የተባለው ጌም የአደጋን ሥራ በሚገባ ያሳያል ባይ ነኝ። ተጫዋቹ ቦታውን ያጥራል፣ ለተጎዳ ሰው አምቡላንስ ይጠራል፣ አሽከርካሪዎችንና ምስክሮችን ያነጋግራል፣ ጉዳቱን ፎቶ ያነሳል፣ ጎታች መኪናም ያስመጣል። ይህ አካሄድ ከእውነተኛው ሥራ ብዙም ስለማይርቅ፣ «ጌሙ እውነታውን አያውቅም» የሚለው ወቀሳ አይዋጥልኝም።

ተከራካሪ ለ፦ በአካሄዱ ላይ ከእርስዎ ጋር እስማማለሁ፤ የምንለያየው በማስረጃው ነው። በጌሙ ውስጥ ማስረጃ ፖሊሱን ቆሞ ይጠብቃል፤ መንገድ ላይ ግን ዝናብ ያጥበዋል፣ ሌላ መኪና ይሄድበታል፣ አሽከርካሪዎቹም መንገድ ላለመዝጋት ብለው ተሽከርካሪዎቹን ያነሷቸዋል። ፍሬን በኃይል ሲያዝ ጎማ አስፋልት ላይ የሚተወውን ጥቁር መስመር እንውሰድ። መስመሩ 20 ሜትር ቢሆንና መኪናው ምንም ሳይመታ የቆመ ቢሆን፣ የሰበቃው መጠን (ጎማው መንገዱን ምን ያህል እንደሚይዝ የሚያሳየው ቁጥር) 0.7 በሆነ ደረቅ አስፋልት ላይ ፍጥነቱ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደነበር ይሰላል፤ መንገዱ እርጥብ ሆኖ ሰበቃው ወደ 0.4 ቢወርድ ግን ያው 20 ሜትር የሚያሳየው ፍጥነት በሰዓት ወደ 45 ኪሎ ሜትር ዝቅ ይላል። መኪናው የቆመው ተጋጭቶ ከሆነ ደግሞ ስሌቱ የሚሰጠው ዝቅተኛውን ግምት ብቻ ነው። ስለዚህ አስፋልቱ በዚያች ሰዓት እርጥብ መሆን አለመሆኑን ሳይመዘግብ ፎቶ ብቻ ያነሳ ፖሊስ ዋናውን ነገር ጥሎ ሄዷል ማለት ነው።

ተከራካሪ ሐ፦ ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ለመዝናናት የተቀመጠ ሰው ሜትር ይዞ መንገድ ሲለካ እንዲያመሽ መጠየቅ ጌሙን ተጫዋች ያሳጣዋል።

ተከራካሪ ለ፦ እኔም ሥራው ይርዘም አላልኩም፤ የምጠይቀው ጥርጣሬ እንዲኖርበት ነው። ከምስክሮች ብዙዎቹ ዞር ብለው የሚያዩት የግጭቱን ድምፅ ከሰሙ በኋላ በመሆኑ፣ ሁለት ሰዎች ሳይዋሹ የተለያየ ቃል ሊሰጡ ይችላሉ። ተጫዋቹ «ድምፁን ከመስማትዎ በፊት ምን አይተዋል?» ብሎ የሚጠይቅበት አንድ አማራጭ ቢጨመር፣ ጊዜ ሳይበላ የምርመራውን ፍሬ ነገር ያስይዛል። ከዚያም በላይ «ያለው ማስረጃ ጥፋተኛውን ለመለየት አይበቃም» ብሎ መዝገብ መዝጋት እንደ ስህተት ተቆጥሮ ነጥብ ሊያስቀንስ አይገባም፤ ሐቀኛ ፖሊስ በእውነት የሚጽፈው ውጤት ነውና።