ትምህርት ቤት ልንከፍት ብለን ተቸግረናል፤ መንገዱን የምታውቁ እርዱን

ሰላም ወገኖቼ። ወላይታ ገጠር ውስጥ በአንዲት ትንሽ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን አገለግላለሁ። አሁን ያለው ትምህርት ቤት ከወንዝ ማዶ ነው። ወንዙ ሲሞላ ትንንሾቹ ቤት ይቀራሉ። ስለዚህ ከመስከረም ጀምሮ 43 ልጆችን በጸሎት አዳራሻችን እያስተማርን ነው። አስተማሪዎቹ 12ኛ ክፍል የጨረሱ ሁለት ወጣቶች ናቸው። ደመወዝ የላቸውም፤ አንዳንዴ በቆሎ እንሰጣቸዋለን (እሱም ሲገኝ ነው)።

የተጣበቅነው ፈቃዱ ላይ ነው። ወረዳው «ትምህርት ከሃይማኖት ነጻ መሆን አለበት» ብሎ መለሰን። ልክ ነው፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ይህንኑ ይላል። አንቀጽ 27 ደግሞ አማኞች የሃይማኖት ትምህርት ተቋም ማቋቋም ይችላሉ ይላል። የእኛ ነገር መሃል ላይ ቀረ። በሥራ ቀን የምናስተምረው ወላይትኛ ማንበብና ቁጥር ብቻ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ እሁድ ነው።

በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 እንደ ሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት እንመዝገብ? ወይስ በእናት ቤተ ክርስቲያናችን የልማት ክፍል በኩል እንግባ? አዳራሹን ትተን ሌላ ክፍል መሥራትስ ግዴታ ነው? ጭቃና እንጨት አናጣም፤ ቆርቆሮው ነው ያቃተን። በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ፣ መጀመሪያ የትኛውን ቢሮ እንዳንኳኳችሁ ብትነግሩኝ ትልቅ ነገር ነው።