ሀበሻ የሚመስል ብራዚላዊ ሚሽነሪ ሰርቪስ ቤታችን ገብቷል፤ ምን ላድርገው?

ሰርቪስ ቤት፣ ነሐሴ 8

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ቤታችን አራት ኪሎ ነው። ግቢያችን ውስጥ የምናከራየው አንድ ክፍል ሰርቪስ አለ። እኛ ኦርቶዶክስ ነን፣ የአክስቴ ልጅ ግን ጴንጤ ናት። ባለፈው ወር መጥታ እናቴን «ቸርቻችን የሚያገለግል ልጅ ከውጭ ይመጣል፣ ቋንቋ እስኪለምድ ቤተሰብ መሀል ይኑር ተብሏል» አለቻት። እናቴ ስለ ሃይማኖቱ ብዙም አልጠየቀች። «ይጠጣል? ያመሻል?» ብቻ ነው ያለችው። ነሐሴ 2 ሻንጣውን እየጎተተ ገባ። 23 ዓመቱ ነው፣ ብራዚላዊ፣ ሬሲፌ ከምትባል የባሕር ጠረፍ ከተማ።

የመጀመሪያው ጣጣ መልኩ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ፈረንጅ ሲጠብቅ የመጣው ቁርጥ የኛን ሰው የሚመስል ጠይም ልጅ ሆነ። ስለዚህ የሚታገሰው የለም። ወያላው በአማርኛ ይጮህበታል፣ ዝም ሲለው «ተጀነነብን» ይላል። ሱቁ ጋ ያለው ልጅማ «ሁለት ዓመት ውጭ ኖሮ አማርኛ ጠፋኝ የሚል ዲያስፖራ» ብሎት ሊጣላው ነበር፣ እኔ ነኝ ሮጬ የደረስኩት። ብራዚላዊ መሆኑ ሲታወቅ ደግሞ የሰፈር ልጆች «ፔሌ» አሉት፣ ኳስ ሊያጫውቱት ወሰዱት፣ ምስኪኑ ኳስ ጭራሽ አይችልም። በሩብ ሰዓት መለሱልን።

ልብስ ያመጣው ስስ ስስ ነው። አፍሪካ ሙቅ ነው ብሎ፣ በነሐሴ፣ አዲስ አበባ! በገባ በማግስቱ በረዶ ጣለ፣ ቆሞ ፎቶ ሲያነሳ ነበር። ያደገው ባሕር አጠገብ ነው፣ እዚህ ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፣ ከአራት ኪሎ ፒያሳ በእግር ሄዶ ሲመጣ እንደ ሽማግሌ ያለከልካል።

ለእናቴ ስጦታ ብሎ ከአገሩ ቡናና አንድ ትልቅ ድፍን ፎርማጆ አመጣ። ቡና ለኛ! ፎርማጆ ደግሞ በፍልሰታ! እናቴ ሁለት እጇን ዘርግታ ተቀበለችው፣ መርቃ ፍሪጅ ውስጥ አስገባችው፣ ከዚያ ማዕድ ቤት ገብታ በሳቅ ሞተች።

አማርኛው ሌላ ጉድ ነው። «ጠ»ን ማለት አይችልም። «መጣ» ሊል «መታ» ይላል። ትናንት ለጎረቤት ሴትዮ «እማማ መታች» አላት፣ ሴትዮዋ ደንግጣ ልትጠይቀን መጣች። ከመምጣቱ በፊት የሸመደዳት አንድ ዓረፍተ ነገር ደግሞ አለች፣ «ኢየሱስ ይወድሃል» የምትል። ያገኘውን ሁሉ ይላል፣ እናቴን ጭምር። እናቴ «እኔንስ ወይስ ወንዶቹን ብቻ?» አለችው።

እስካሁን ሳቅ ነው። አሁን የከበደኝን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ እናቴ ቡና ስታፈላ ይቀመጣል፣ አቦሉን ጭልጥ አድርጎ «አመሰግናለሁ» ብሎ ይነሳል። ቶና የለ፣ በረካ የለ። አንድ ቀን ሳይሆን በየቀኑ። እናቴ አትናገርም ግን ቅር ብሏታል፣ ሲኒውን ስታነሳ ፊቷን አይቻታለሁ።

ሁለተኛ፣ አማርኛ አስተምሪኝ ብሎኛል፣ ጀምሬያለሁም። ግን ቤት ያለው መዝሙርም ጾምም የእናቴ ነው፣ እኔ ለሚሽነሪ ቋንቋ ማስተማሬ ልክ ነው ወይ እያልኩ አድራለሁ። ሦስተኛ፣ ከመጪው ሳምንት ጀምሮ አራት ኪሎ የታክሲ ሰልፉ ጋ ቆሜ እሰብካለሁ ብሎ ተነስቷል። በፍልሰታ! በዚያች በአንዷ ዓረፍተ ነገር! ልንገረው ወይስ የቸርቹ ጉዳይ ነው ብዬ ልተው?


የፒያሳዋ፣ ነሐሴ 8

ኧረ አሳቅሽኝ። እኔ ውጭ አገር ሰዎች ያሉበት መሥሪያ ቤት ስለምሠራ ጥቂት ልበልሽ።

ወረቀቱን ቶሎ ጠይቂው። የቱሪስት ቪዛ ለጉብኝት ነው። ለአገልግሎት የመጣ ሰው የሥራ ፈቃድና የመኖሪያ ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ ያንን የሚያስጨርሰው የጋበዘው ድርጅት ነው። «ይደርሳል» ካሉት የአክስትሽ ልጅ ትነዝንዛቸው፣ ቀኑ ሲያልፍ የሚቀጣው እሱ ነው።

ሰዓቱን ነግራችሁታል? የቀጠሮ ሰዓት ሲሰጡት «በኢትዮጵያ ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ አስለምጂው። የኛ 2 ሰዓት ጠዋት ለነሱ 8 ነው። ስልኩ የሚያሳየው የነሱን ነው፣ ቀጠሮ የሚሰጠው ሰው የሚያወራው የኛን ነው። ሌላው ደግሞ ሊገባደድ የቀረበው ዓመት ነው። ከነሐሴ በኋላ አምስት ቀን ጳጉሜን ስትመጣ ግራ ይገባዋል፣ ቀድመሽ ንገሪው። የቤት ኪራይ ስንት ቀን ላይ እንደሚከፍልም በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ተስማሙ። በዚህ ሰዎች ሲኳረፉ አይቻለሁ።

ለመልኩ መድኃኒት የለውም። «ይቅርታ፣ አማርኛ አልችልም» ማለትን አታስተምሪው፣ አጥርቶ ካለው ጭራሽ አያምኑትም። ዝም ብሎ በራሱ ቋንቋ ይመልስ፣ ፖርቱጋልኛ ሲሰሙ ያኔ ይገባቸዋል። ታክሲ ላይ ደግሞ «ወራጅ አለ» የምትለዋን ብቻ። ሌላው ይደርሳል። ጃኬት አሁኑኑ ይግዛ።


ምን አገባኝ፣ ነሐሴ 8

ይቅርታ ግን ክርስትናን በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተቀበለች አገር ናት። ከብራዚል ድረስ መጥቶ ማን ነው ማንን የሚሰብከው? አማርኛ አታስተምሪው፣ ያልቃል።


ዲያቆን ነኝ ባይ፣ ነሐሴ 9

ወንድሜ ምን አገባኝ፣ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያልከውን እስቲ እንጨርሰው። ያንን ክርስትና ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት ያስገባው ማን ነው? የውጭ አገር ልጅ ነው። ፍሬምናጦስ ከጢሮስ በኩል ሲጓዝ መርከቡ በቀይ ባሕር ዳር ተያዘ፣ የመርከቡ ሰዎች ተገደሉ፣ እሱና ወንድሙ ልጆች ስለነበሩ ተረፉ። ለንጉሡ ተሰጡ። ወንድምየው መጠጥ አሳላፊ ሆነ፣ ፍሬምናጦስ ደግሞ የንጉሡን መዝገብና ጽሕፈት ያዘ። ንጉሡ ሲሞት ንግሥቲቱ ልጇን እንዲያሳድጉላት ለመነቻቸው። ልብ በሉ፣ ጳጳስ ሆኖ አልመጣም። በሰው ቤት ለዓመታት ሠራ፣ ልጅ አሳደገ፣ ቋንቋ ለመደ፣ ነጋዴ ክርስቲያኖችን እየፈለገ ጸሎት እንዲያደርጉ ረዳ። ከዚያ ነው እስክንድርያ ወርዶ አትናቴዎስን «ጳጳስ ላክላቸው» ያለው፣ አትናቴዎስም «ካንተ የተሻለ ማን አለ» ብሎ ሾሞ የመለሰው። አባ ሰላማ ከሳቴ ብርሃን የምንለው እሱን ነው።

እና ፖርቱጋልኛ የሚናገር ሚሽነሪ ይህች አገር ከዚህ በፊትም አይታለች። የካቶሊክ ሚሽነሪው ፔድሮ ፓኤዝ (እሱ ራሱ ስፔናዊ ነው፣ አብረውት የሚሠሩት ግን ብዙዎቹ ፖርቱጋሎች ነበሩ) ለመግባት ሲሞክር ተይዞ የመን ውስጥ ለዓመታት ታስሯል። እ.ኤ.አ. በ1603 ገባ፣ አማርኛና ግእዝ ተማረ፣ ሰው አከበረው። ከሱ በኋላ በ1625 አልፎንሶ ሜንዴዝ መጣ። የመጣው ፓትርያርክ ሆኖ ነው። ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ይካኑ፣ አቆጣጠሩም ይቀየር አለ። አገር ደም ፈሰሰበት። በ1632 አፄ ሱስንዮስ የኦርቶዶክስን ሃይማኖት መለሱ፣ ልጃቸው ፋሲለደስ ደግሞ ኢየሱሳውያኑን (የነፓኤዝን ማኅበር ሚሽነሪዎች) አስወጧቸው። ሁለቱም የአንድ ማኅበር ሰዎች ናቸው፣ ልዩነታቸው አገባባቸው ነው።

ስለዚህ እህቴ፣ እኔ ከልጁ ጋር በትምህርተ ሃይማኖት አልስማማም፣ በቋንቋው ግን አስተምሪው። ከማያውቀን ይልቅ የሚያውቀን ይሻላል። ለጾሙም፣ እናትሽ ለምን እስከ 9 ሰዓት እንደማትበላ አንቺ ንገሪው፣ ከመጽሐፍ ከሚያነበው ይልቅ ከናንተ ቤት ይስማው። ታክሲ ሰልፍ ላይ ግን በዚህ ሰሞን ባይቆም ደስ ይለኛል፣ መብቱ አይደለም ብዬ አይደለም፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 አለ። ከቅዳሴ የወጣ፣ ከማለዳ ጀምሮ ያልበላ ሰው ጋ ነው የሚሰለፈው፣ ያ ሰው ደግሞ ዝናብ ላይ ቆሟል።


ጁባ ደርሶ መልስ፣ ነሐሴ 9

ይህን ጥያቄ ሳነብ ሆዴን በላኝ። እኔ ሚሽነሪ ነበርኩ። አዎ፣ ሀበሻ ሚሽነሪ፣ ቸርቻችን ወደ ደቡብ ሱዳን ልኮኝ። ያኔ 26 ዓመቴ ነበር። ጁባ በሙሉ ልብስና በክራባት ወረድኩ፣ ከአውሮፕላኑ ደረጃ ሳልጨርስ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ልንገራችሁ። በየቀኑ አንድ ነገር ሠርቻለሁ ብዬ ለላኩኝ ሰዎች መጻፍ አለብኝ ብዬ አስብ ነበር። ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔ ነኝ ራሴን የማስጨንቀው። ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው ልከውሃል፣ ሽማግሌዎች እጃቸውን ጭነው ጸልየውልሃል፣ አንተ ደግሞ ሳሙና ለመግዛት እንኳ ልጅ ይዘህ ነው የምትሄደው። ያ ልጅ ሰልፍ ላይ ልቁም የሚለው ለዚህ ይመስለኛል። ድፍረት አይደለም፣ ጭንቀት ነው።

እዚያ የነበሩ አንድ አዛውንት አገልጋይ የፕላስቲክ ወንበር ሰጡኝና ማንጎ ዛፍ ስር ተቀመጥ አሉኝ። በቃ። ሰው ሲመጣ ሰላም በል፣ ሻይ ጠጣ፣ የሰማኸውን ቃል ጻፍ። ተናድጄ ነበር። ለዚህ ነው ወይ ከአገሬ የወጣሁት አልኩ። የጁባ ዓረብኛን የለመድኩት ግን እዚያ ወንበር ላይ ነው፣ ሻዩ ሲበዛ ስኳር ነበር።

ሌላ ስህተቴን ልናዘዝ። ጁባ የሀበሻ ምግብ ቤት ሞልቷል። ማታ ማታ እዚያ እገባለሁ፣ እንጀራ በላሁ፣ አማርኛ አወራሁ፣ ደስ አለኝ፣ ለወራት ቋንቋዬ ፈቅ አላለም። የናንተ ልጅ የሀገሩን ምግብ ቤት አራት ኪሎ አያገኝም፣ ስልኩን ግን ያገኛል። ማታ ስንት ሰዓት ከእናቱ ጋር በቪዲዮ እንደሚያወራ እዩት። አትከልክሉት፣ ዝም ብላችሁ ለእራት ጥሩት።

እና እሁድ ከሰዓትን አደራ። ከቸርች ሁሉም ወደ ቤቱ ይበተናል፣ «ጌታ ይባርክህ» ብሎ ጨብጦህ። ከዚያ ረጅም ከሰዓት ነው። እኔ ያለቀስኩት ሁልጊዜ እሁድ 10 ሰዓት አካባቢ ነው።


ሰርቪስ ቤት፣ ነሐሴ 9

@ጁባ ደርሶ መልስ፣ ትናንት እሁድ ባይሆንም በሩን ሳልፍ ክፍሉ ውስጥ መብራት ሳያበራ ተቀምጧል። መብራት ነበረ። ያንተን ካነበብኩ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ።

@ዲያቆን፣ አመሰግናለሁ። የፍሬምናጦስን ነገርኩት፣ አያውቅም ነበር። ደብተሩ ላይ ጻፈ። ቡናው ግን አልተፈታም።


የእማማ ጎረቤት፣ ነሐሴ 10

ልጄ፣ እኔ ስልኩን የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። እጣኑን አይታችኋል? ከመነሳቱ በፊት እናትሽ እጣን ታጨሳለች ወይ? የጴንጤ ልጆች አሉኝ፣ ሲጀምሩ አካባቢ እነሱም እጣን ሲጨስ ይነሱ ነበር። ከመንፈስ ጋር አገናኝተውት ነው። ድሮ ለዛር ቡና የሚያፈሉ ነበሩና ከአየሩ የወሰዱት አይደለም። በቀስታ ጠይቂው፣ እናትሽ ፊት ግን አይሁን።


ሰርቪስ ቤት፣ ነሐሴ 17

ላሳውቃችሁ ብዬ ነው፣ ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ጠይቃችሁኛል።

እማማ ልክ ነበሩ። ግማሽ ልክ። ከመምጣቱ በፊት በሰጡት ሥልጠና ጭስ በሚጨስበት ሥርዓት ላይ እንዳትቀመጥ ተብሏል፣ ስለዚህ እናቴ ፍሙ ላይ እጣን ስትጥል ልቡ ይደነግጣል፣ ሲኒውን ጨርሶ ይወጣል። ሌላው ግማሽ ደግሞ አገሩ ቡና እንደዚያ ነው የሚጠጣው፣ በትንሽ ሲኒ፣ በስኳር፣ ቆመውም ቢሆን ጠጥተው ይሄዳሉ። ሁለተኛና ሦስተኛ ሲኒ እንዳለ ማንም አልነገረውም። እኔም አልነገርኩትም እኮ! የሚታወቅ ነገር መስሎኝ።

ለእናቴ ነገርኳት። የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። «ለሽታው ነው እንጂ እኔ ለማን ነው የማጨሰው? ብትነግሩኝ ኖሮ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ምን አስቀየመኝ» አለች። አሁን እጣኑን የምታጨሰው እሱ ከመምጣቱ በፊት ነው፣ ጭሱ ሲወጣ ትጠራዋለች። በረካ ላይ ይደርሳል። ቡናውን ግን የሱን አላፈላችውም፣ «የጂማው ይለቅ መጀመሪያ» ብላ መደርደሪያ ላይ አስቀምጣዋለች።

ሰልፉን ትቶታል። የጁባውን መልስ አንብቤ በእንግሊዝኛ ተረጎምኩለት፣ ቀና ብሎም አላየኝ። በማግስቱ ከግቢ በር አጠገብ ዱካ ይዞ ተቀመጠ። ማንጎ የለንም፣ የኮባ ጥላ ነው፣ ዝናብ ሲመጣ ይገባል። ሱቅ ያለው ልጅ አሁን አብሮት ይቀመጣል፣ የእንግሊዝ ኳስ ያወሩበታል፣ ማየት ይወዳል ለካ፣ መጫወት ነው ያቃተው።

ትናንት ፍልሰታ ተፈታ። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን መጥታ ዶሮ ወጡን አቀረበች፣ ከዚያ ፎርማጆውን ከፍሪጅ አወጣችና ጠራችው፣ አጠገቧ አስቀምጣ ቆረሰች። ለሱ አጎረሰችው መጀመሪያ። ራሷም ቀመሰች። «ጨው በዝቶበታል» አለች፣ ሌላ ቆረሰች።

አማርኛው? ዛሬ ጠዋት በራችንን አንኳኳ። ማነው ስትለው «እማማ፣ መታሁ» አለ።

ገና ነው።