በሃሞክ ስተኛ ጀርባዬን ብርድ ፈጀኝ፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ሰላም ለሁላችሁ። ካምፕ ስወጣ ድንኳን ትቼ ሁለት ዛፍ መሃል በተወጠረ የጨርቅ አልጋ፣ በሃሞክ መተኛት ከጀመርኩ ወዲህ ወገቤ ዕረፍት አግኝቷል። ብርዱ ግን ከአቅሜ በላይ ሆነ። ባለፈው ሌሊቱ ወደ 2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወርዶ፣ ደረቴ እየሞቀ ጀርባዬና ዳሌዬ በረዶ ላይ የተኛሁ ያህል ደነዘዙ። 9 ሰዓት ላይ ተነስቼ እስኪነጋ እሳት ዳር ተቀመጥኩ።

ስሊፒንግ ባጌ፣ ማለትም በላባ የተሞላው የመኝታ ከረጢቴ፣ ለ0 ዲግሪ ብርድ የተሠራ ነው። እንደገባኝ ከስሬ ያለው ላባ በክብደቴ ስለሚጨፈለቅ ሙቀት የሚይዝለት አየር አያገኝም፤ በጨርቁ ስር የሚያልፈው ነፋስ ደግሞ ያለችውንም ሙቀት ጠርጎ ይወስዳል። ስፖንጅ አነጠፍኩ፤ ስገላበጥ ይንሸራተትና ትከሻዬ ባዶ ጨርቅ ላይ ይቀራል። ሁለት ሹራብ ደረብኩ፤ እሱም ከስር ያው ተጨፈለቀ። ትንሽ የረዳኝ ሙቅ ውሃ የሞላሁበት ጠርሙስ ነው፣ ካልሲ አልብሼ ጭኔ መሃል ሳደርገው።

አሁን ከሃሞኩ ስር በውጭ በኩል የሚንጠለጠለውን ወፍራም ብርድ ልብስ፣ አንደርኩዊልት የሚሉትን፣ ለመሞከር አስቤያለሁ። የተጠቀማችሁበት ካላችሁ፣ ምን ያህል ነው የምታጠብቁት? ከላላ ነፋስ ይገባል፣ ከጠበቀም እንደ ስሊፒንግ ባጉ ይጨፈለቃል ብዬ ፈራሁ። ከተራ ብርድ ልብስና ገመድ ራሴ ብሠራውስ ያዛልቃል? ከሃሞኩ በላይ የምወጥረውን ሸራስ በነፋሱ በኩል እስከ መሬት ላውርደው?

በሁለት ሳምንት ውስጥ ልጄን ይዤ ልወጣ ቃል ገብቻለሁ። እሱ እንዲህ ሲንቀጠቀጥ ማየት አልፈልግምና እባካችሁ የምታውቁትን ንገሩኝ።