ጥቆማ፦ ለእጅ ሥራ የባልጩት ጠመንጃ የቱ ቀለም፣ የቱ ዘይት ይሻላል?

ጥያቄ፦ በአፈሙዙ የሚጎርስ፣ በባልጩት የሚተኩስ የፔንሲልቬንያ ዓይነት ረጅም ጠመንጃ ነው። እንጨቱ ሞገድ የበዛበት ሜፕል ሲሆን ቅርጹ አልቆ ቀለምና ዘይት ብቻ ቀርቶታል። የሚፈለገው በ1700ዎቹ መጨረሻ የተሠሩትን የሚመስል ጠይም ቡናማ ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ፣ ምን ልግዛ? ለባለሙያ መስጠትስ ያዋጣል?

መልስ፦ በመጀመሪያ ከሃርድዌር መደብር በጣሳ የሚሸጠውን ስቴይን (የእንጨት ማቅለሚያ) እርሳው። ሚንዋክስና መሰሎቹ በዘይት የተበጠበጠ የደቀቀ የዱቄት ቀለም አላቸው። ሜፕል ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ ዱቄቱ ወደ ውስጥ አይዘልቅም፤ ላዩ ላይ ተኝቶ ሞገዱን ያደበዝዘዋል። ለዋልነት ይሆን ይሆናል፣ ለሜፕል ግን አይሆንም።

ለሜፕል አይረን ናይትሬትን የሚያህል የለም። የድሮዎቹ ሠሪዎች ብረት በናይትሪክ አሲድ አሟሙተው ይቀቡት የነበረው አኳ ፎርቲስ ማለት ይኸው ነው። ብረቱ እንጨቱ ውስጥ ገብቶ በሙቀት ይዝጋል፤ ቀለም የሚባለው ያ ዝገት ነው። ሞገዱ ያለበት ቦታ ላይ የእንጨቱ ጅማት ጫፉን ወደ ላይ ስለሚያዞር አብዝቶ ይጠጣል፣ አብዝቶም ይጠቁራል። ዝንጉርጉሩ ደምቆ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን የረጅም ጠመንጃ ኪት ከሚሸጠው ኪብለር ጋ ታገኛለህ፣ ከእሱ በፊት የሚቀባውን ታኒክ አሲድም እዚያው። ክሪስታሉን ገዝቶ መበጥበጥ የሚፈልግ 50 ግራም በ200 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ያሟሙት።

አሠራሩ ይህ ነው። በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አልስልስ፣ ከ320 ግን አትለፍ፤ ከዚያ በላይ የለሰለሰ እንጨት ቀለም አይጠጣም። በእርጥብ ጨርቅ አርጥበህ አድርቅና የቆመውን የእንጨት ፀጉር በብርጭቆ ወረቀቱ በስሱ ቁረጥ፤ ሁለት ሦስቴ ድገመው። ይህን የዘለለ ሰው ፀጉሩ ቀለሙ ከገባ በኋላ ይነሳበታል፣ ያኔ ሲፍቀው ቀለሙም አብሮ ይሄዳል። በርሜሉን፣ ሎኩን (ባልጩቱን የያዘውን የመተኮሻ ክፍል) እና ናሱን በሙሉ አውጥተህ ሌላ ክፍል አስቀምጥ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ታኒክ አሲድ በአንድ ኩባያ ሙቅ ውሃ በጥብጠህ ቀባና ይድረቅ። ሜፕል የራሱ ታኒን ትንሽ ስለሆነ ያለዚህ ቀለሙ ወደ ቀይ ያደላል። ቀላ ያለውን የሚወድ ይዝለለው።

ከዚያ ጓንት አድርገህ አይረን ናይትሬቱን እንጨቱ እስኪጠግብ ቀባ። ሲደርቅ ቢጫማ ወይም አረንጓዴማ ግራጫ ይሆናል፣ አትደንግጥ። በሂት ገን (ሙቅ አየር በሚነፋ መሣሪያ) ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ርቀት፣ አንድ ቦታ ላይ ሳትቆም አሙቀው፤ ዓይንህ እያየ ወደ ቡናማ ይዞራል። ጠርዞቹና ቀጭኑ የፊት እንጨት ቶሎ ስለሚያሩ እዚያ ላይ ፍጠን። ይህ ከቤት ውጭ ብቻ የሚሠራ ነው፤ የሚወጣው የናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋዝ ሳንባ ይጎዳል፣ በአቅራቢያው ያለውን ብረትም ያዝጋል። ሲበርድ በግራጫ ስኮች ብራይት (የፕላስቲክ መፈተጊያ) እሸው። የብረት ሱፍ እንዳታስጠጋ፤ ብናኙ ከቀረው አሲድ ጋር ተገናኝቶ ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናል።

ይህን ሁሉ መጀመሪያ ከዚያው እንጨት በተቆረጠ ቁራጭ ላይ ሞክር። የሌላ ሜፕል ቁራጭ አይጠቅምህም፣ ሜፕል ከሜፕል ይለያያልና።

ሌላ መልስ፦ ከላይ በተባለው እስማማለሁ፣ ግን አፓርታማ ለሚኖር ሰው በሂት ገን ጋዝ ማስነሳት አይመችም። ለእሱ ሎረል ማውንቴን ፎርጅ የሚሠራቸው በአልኮል የሚሟሙ ስቴይኖች ይሻላሉ፤ ላንካስተር ሜፕል የሚባለውን፣ ጠቆር ካስፈለገም ዋልነቱን። የሚሟሙ ስለሆኑ ሞገዱን አይሸፍኑም። ችግራቸው ቶሎ መድረቃቸው ነው። ብሩሽህ መሐል ላይ ከቆመ መስመር ይተዋል፤ መስመሩን በአልኮል በራሰ ጨርቅ ታለሰልሰዋለህ። የፊቢንግ የቆዳ ቀለምም ይሠራል፣ ግን ፀሐይ ላይ የሚውል ከሆነ ይደበዝዛል። ከአይረን ናይትሬት ላይ አንድ ስስ እጅ ደርቦ ቃናውን ማስተካከልም ይቻላል።

ስለ ዘይት፦ ሰው ሁሉ የሚጀምረው ትሩ ኦይል በሚባለው የጠመንጃ እንጨት ዘይት ነው። ቶሎ ይደርቃል፣ የትም ይገኛል። ነገር ግን እጅ በደራረብክ ቁጥር እንደ አዲስ የቤት ዕቃ ያብረቀርቃል፣ ለድሮ ጠመንጃ ደግሞ ይህ ነውር ነው። በጣት እያሻሸህ ሦስት አራት ስስ እጅ ብቻ ቀባ። ጠርሙሱ ከተከፈተ በኋላ አየር ስለሚያረጋው ክዳኑን አጥብቀህ ገልብጠህ አስቀምጠው። የሃርድዌር ቤቱ «የተፈላ» የተልባ ዘይት ስሙ ነው እንጂ የሚያደርቀው የተጨመረበት የብረት ቅመም ነው፤ በሜሪላንድ የበጋ ወበቅ ለቀናት ይጣበቃል፣ ውሃም ደህና አድርጎ አይከላከልም። ከምግብ ሱቅ የሚገዛውማ ለመድረቅ ሳምንታት ይፈልጋል፣ ለወጡ ተዉት። ትራይድ ኤንድ ትሩ የሚባለው የተልባ ዘይት ጥሩ ነው፣ ግን በጣም ስስ ተቀብቶ፣ ትርፉ ተጠርጎ፣ በየእጁ መሐል አንድ ቀን ይጠብቃል።

ለእኔ አንደኛው ፐርማሊን ሲለር (የእንጨት ቀዳዳ መድፈኛ) ከሥር፣ የቻምበርስ ዘይት ከላይ ነው። ሲለሩ ቀጭን ስለሆነ ይሰርጋል። እንጨቱ መጠጣት እስኪያቆም ሁለት ሦስት እጅ ቀባው፤ የበርሜሉን ቦይ፣ የሎኩን ጉድጓድና ከሰደፉ ናስ ሥር ያለውን አትርሳ። የባሩድ ጥላሸት የሚታጠበው በውሃ ነው፣ ውሃውም ሾልኮ የሚገባው እነዚያ ቦታዎች ጋ ነው። ብዙዎች የሚታየውን አሳምረው የማይታየውን ባዶ ይተዉታል፤ ከዚያ እንጨቱ በሎኩ ዙሪያ ይጠቁራል።

ዘይት የነካውን ጨርቅ ጠቅልለህ ቆሻሻ ውስጥ አትጣል። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፣ የተጠቀለለ ጨርቅም ራሱ ይነዳል። ደጅ ዘርግተህ አድርቀው፣ ወይም በውሃ በተሞላ ጣሳ ውስጥ ክተተው።

ሌላ መልስ፦ ስለ ባለሙያው አጭር ልበል። ዘመናዊ መሣሪያ የሚጠግን ሱቅ ብዙውን ጊዜ ፖሊዩሬቴን (ፕላስቲክ መሰል ቫርኒሽ) ረጭቶ ይመልስልሃል፣ ጠርዞቹንም በብርጭቆ ወረቀት ያሞለሙላቸዋል። የሞለሞለ ጠርዝ ደግሞ አይመለስም። «ቁራጭ ላይ አሳየኝ» ብለህ ጠይቅ፤ እምቢ ካለ ተወው። ረጅም ጠመንጃ በእጅ የሚሠሩትን የምታገኘው ሌክሲንግተን፣ ኬንታኪ በነሐሴ በሚደረገው የኮንቴምፖራሪ ሎንግራይፍል አሶሲዬሽን ትርኢት ነው። ቀለሙን በዓይንህ አይተህ ለመወሰን ከሆነ የኮሎኒያል ዊልያምስበርግ ጠመንጃ ሠሪዎች ቤት አለ፤ ናዝሬት፣ ፔንሲልቬንያ ያለው የረጅም ጠመንጃ ሙዚየም ደግሞ የጥንቶቹን ራሳቸውን ያሳያል። ዋጋውን አስበህ ከሆነ ግን፣ ቅርጹን የጨረሰ ሰው ቀለሙን አያቅተውም።

በርሜሉን ቡናማ ለማድረግ በርችውድ ኬሲ የሚሠራው ፕለም ብራውን ፈጣን ነው፣ ግን ብረቱ ወደ 135 ዲግሪ ሴልሺየስ መሞቅ አለበት። ከአንድ ሜትር የሚበልጠውን በርሜል እኩል ማሞቅ ስለማይቻል ዥጉርጉር ይሆናል፤ ለትንንሽ ክፍሎች ተጠቀምበት። ለበርሜሉ የሎረል ማውንቴን ብራውን ይሻላል፤ ቀስ ብሎ በእርጥበት የሚያዝግ ነው። ደረቅ አየር ካለ መታጠቢያ ቤት ሰቅለህ ሙቅ ውሃ ክፈት።

ከአያት የተወረሰ የጥንት ነፍጥ ያለው ሰው ከዚህ ገጽ ምንም አይውሰድ። የድሮ ቀለም አንዴ ከተፋቀ ዋጋው አብሮ ይፋቃል።

ጠያቂው፦ ቁራጩ ላይ ሞከርኩት፤ ካሞቅሁት በኋላም ወደ አረንጓዴ ያደላል። ታኒኩ በዝቶ ይሆን?

መልስ፦ ታኒኩ አይደለም፣ ሙቀቱ አንሶታል። አረንጓዴነቱ እስኪጠፋ ደግመህ አሙቅ። ካልተለወጠ አይረን ናይትሬቱ ሳይደርቅ ነው ሂት ገኑን ያነሳኸው፤ አንድ እጅ ጨምርና ሌሊቱን አሳድረው።