የድሮ ሲኒማ ቤት የፊት ግድግዳ ልስን እየረገፈ ነው፤ እርዱኝ

ሰላም፣ በተለይ በድሮ ግንብ ላይ ለምትሠሩ ባለሙያዎች።

ሕንፃው ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳርቻ ብዙም ሳይርቅ ያለ የተዘጋ ሲኒማ ቤት ነው። በኖራ የተገነባ የጥቁር ድንጋይ ግድግዳ ሲሆን፣ በኋላ በሲሚንቶ ተለስኖ ፕላስቲክ ቀለም ተቀብቷል። ጥፋቱም ከዚሁ ነው፤ ከመሬት የሚሳበው እርጥበት መውጫ ስላጣ እስከ 1 ሜትር ከፍታ ድረስ ልስኑ አብጧል። በጣት ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ ይሰጣል፤ ሲነሳ ከጀርባው ጨው የመሰለ ነጭ ዱቄት ይረግፋል። አሸንዳውም ተበስቷል፤ እሱን መቀየር ግን ቀላል ነው።

ያሰብኩት ያበጠውን ከእርጥበቱ መስመር 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ በመሮ ማንሳት፣ ጨውን በደረቅ ብሩሽ መጥረግ (በውሃ ከታጠበ ሟሙቶ ተመልሶ ይገባል)፣ በጋውን ማድረቅ፣ ከዚያ 1 እጅ ኖራ በ3 እጅ የታጠበ አሸዋ እየሳሳ ደጋግሞ መለሰን ነው። ኖራ ቀስ ብሎ ስለሚጠነክር ልስኑ ከሰኔ በፊት መድረስ አለበት።

የተቸገርኩት ሁለት ቦታ ላይ ነው። ከቲኬት መሸጫው በላይ ባለው የኮንክሪት ጥላ ፌሮው ዝጎ፣ ዝገቱ ሲያብጥ ኮንክሪቱን ገፍቶ ጥሎታል። የሽቦ ብሩሽና ፀረ ዝገት ቀለም ይበቃል ወይስ እስከ ፌሮው ጀርባ መቦርቦር አለበት? ሌላው ከመግቢያው በላይ በሲሚንቶ የተቀረጸው «ሲኒማ» የሚለው ጽሑፍ ነው። «ማ» ከእግሯ ተሰንጥቃ ከግድግዳው አንድ ጣት ያህል ለቃለች። አፍርሶ እንደገና መቅረጽ ይቻላል፤ ግን የዚያ ባለሙያ እጅ ይጠፋል። ሳትወርድ ከጀርባዋ በምን ላያይዛት?